አምባዛ ያነጠርን ሰሞን

በኛ ክፍል በስፖርት ክፍለ ጊዜ ሁሉም ሰው የራሱ ችሎታ አለው። አንዷ ከፍታ ትዘላለች፣ አንዱ ኳስ በጭንቅላቱ ያነጥራል፣ ሌላው ደግሞ እግሩ የተሰበረ መስሎ ዛፍ ሥር መተኛት ይችልበታል። የኔ ችሎታ ሹራብ መጠበቅ ነበር። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ እስከ አሥራ አንደኛ ድረስ ጠብቄአለሁ፣ አንድ ቁልፍ እንኳ አልጠፋብኝም። በአርባ ምንጭ ሙቀት ሹራብ የሚለብሰው ማን ነው ትሉ ይሆናል። የደንብ ልብስ ነዋ። ደንብ ደግሞ ሙቀት አያውቅም።

ለዚህ ሹመት የበቃሁት በአስም ነው። ደረቴ ውስጥ ፉጨት የሚወድ ተከራይ አለ ብላችሁ አስቡ። አብዛኛውን ጊዜ ሰላማዊ ሰው ነው። አቧራ ሲነሳ፣ የከሰል ጭስ ሲሸተው ወይም እኔ ለመሮጥ ሳስብ ግን ይጀምራል። ማፏጨቱስ ምንም አልነበረም፤ በሩን ዘግቶ ማፏጨቱ ነው ችግሩ። በሩ የኔ መተንፈሻ ነው።

አንድ ማክሰኞ ታዲያ ዝንጀሮ መጣ። ትምህርት ቤታችንን ከጫካው የሚለየው አንድ ያረጀ አጥር ስለሆነ የዝንጀሮ መምጣት ዜና አይደለም። ዜናው ከምጠብቀው ክምር ላይ አንዱን ሹራብ፣ ኪሱ ውስጥ ካለው ዳቦ ጋር፣ አንስቶ መሄዱ ነው። እንግዲህ የስድስት ዓመት ስም አለኝ። ሳላስበው ተነስቼ ሮጥኩ። ሜዳውን አቋረጠ፣ አቋረጥኩ። ውሃ መጠጫው ጋ ታጠፈ፣ ታጠፍኩ። አጥሩ ሥር ሲደርስ ዘወር ብሎ አየኝ፤ ይህቺ ደግሞ ምን ዓይነት ሰው ናት ሳይል አልቀረም። ዳቦውን ይዞ ሹራቡን ጣለልኝ። አራግፌው ስመለስ የስፖርት መምህራችን ፊሽካውን ከአፉ አውጥቶ ቆሟል።

«አንቺ ማነሽ?» አለኝ። ሁለት ዓመት አስተምሮኛል፤ ግን ሁልጊዜ ከሹራብ ክምር ኋላ ስለምቀመጥ ፊቴን አያውቀውም።

ስሜን ነገርኩት።

«ለዞኑ የትምህርት ቤቶች ውድድር የሺህ አምስት መቶ ሜትር ሴቶች እመርጣለሁ። ከአራት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ ጠዋት። የምወስደው ሦስት ልጅ ነው። ነይ።»

«ቲቸር፣ እኔ እኮ አስም አለብኝ።»

«ዝንጀሮው ይህን ያውቅ ነበር?» አለና ፊሽካውን መልሶ አፉ ውስጥ ከተተው።

ያን ቀን ከሲቀላ ወደ ሰፈራችን ወደ ሴቻ የሚያወጣውን ዳገት እንዴት እንደወጣሁት አላስታውስም። የማስታውሰው ሦስት ልጅ መባሉን ብቻ ነው። ከሦስቱ አንዷ መሆን ፈለግኩ። በሕይወቴ እንደዚያ የፈለግኩት ነገር የለም። ሌላ ሰው ሹራቤን እንዲጠብቅልኝ ፈለግኩ።

አሁን እናቴን ላስተዋውቃችሁ። የአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት። በእናቴ ዓለም ያልተመዘገበ ነገር አልተፈጠረም። የሩጫውን ነገር ስነግራት ሳህኖቹን አጠበች፣ ያጠበቻቸውን ደግማ አጠበች። ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ ትንፋሼ ሲቆም፣ ባጃጅ ጠፍቶ፣ አዝላኝ ያንን ዳገት ሮጣለች። እሷ አታወራውም። የሚያወሩት ጎረቤቶች ናቸው፤ በተለይ አንድ ጫማዋን መንገድ ላይ ጥላ መሄዷን።

በማግስቱ ከሥራ ስትመለስ ጠንካራ ሽፋን ያለው ትልቅ መዝገብ ይዛ መጣች። በማስመሪያ አሰመረችው። በቀኝ በኩል «ገቢ ሳል»፣ በግራ በኩል «ወጪ ሳል» ብላ ጻፈች። ገቢ ማለት ከውጭ ምክንያት የመጣ ነው፤ አቧራ፣ ጭስ፣ ሽታ። ወጪ ማለት ደረቴ ራሱ ያመነጨው ነው።

«እስከ ምርጫው ቀን አሥር ከሞላ ሩጫ የለም» አለች። «እኔ አይደለሁም የምከለክልሽ። መዝገቡ ነው።»

አባቴ ጫኖ፣ የሙዝ እርሻው ጋ፣ ስለሚሰነብት ከዚህ ታሪክ አምልጧል። እኔና መዝገቡ ፊት ለፊት ቀረን።

ስለ መድኃኒቶቼም ትንሽ ልበል፤ ኋላ ያስፈልገናል። ሰው ሁሉ ፓፍ የሚለው፣ ተስቦ የሚወሰድ፣ ሁለት ዓይነት አለኝ። ሰማያዊው ደረት ሲዘጋ የሚከፍት ነው፤ እሳት አደጋ በሉት። ቡኒው ግን ጠዋትና ማታ ይወሰዳል፣ አፍ ይጉመጠመጣል፣ አለቀ። ቁስል ሲቆጣ ታውቃላችሁ አይደል፤ ቀልቶ፣ አብጦ፣ ትንሽ ነገር ሲነካው የሚያስጮህ። የአስም ሰው የአየር ቧንቧ ውስጡ እንደዚያ ነው፤ ቡኒው እንዳይቆጣ ያባብለዋል። ሲወስዱት ምንም አይሰማም። አያቃጥል፣ አይጣፍጥ፣ አያበረታ። በጸጥታ የሚሠራ ሠራተኛን ደግሞ ማን አመስግኖ ያውቃል።

ወንድሜ ኢዮብ ባጃጅ ነው የሚነዳው፤ የተረፈውን ጊዜ ብረት ያነሳል። ደረቱ ቤት የሚገባው ከሱ ቀድሞ ነው። የሩጫውን ወሬ ሲሰማ ብረት በሚያነሳበት ስፖርት ቤት ከሚሸጡት ትልልቅ የጡንቻ ዱቄት ቆርቆሮዎች አንዱን ይዞልኝ መጣ።

«ስሚ ፌንጣ፣ የጎደለሽ ጡንቻ ነው» አለኝ። ፌንጣ የሚለኝ በእግሬ ቅጥነት ነው። «ሳንባም እኮ ጡንቻ ነው።»

«ሳንባ ጡንቻ ነው እንዴ?»

«ምን ልዩነት አለው? ሁሉም ሥጋ ነው።»

ቆርቆሮው ላይ ያለውን ጽሑፍ እንዲያነብልን ጎረቤታችንን ጋሽ ወርቅነህን ጠራናቸው። ጋሽ ወርቅነህ ጡረታ የወጡ የመሬት አስተዳደር ሹም ናቸው፤ ከደብረ ማርቆስ በዝውውር መጥተው ሐይቁን አይተው የቀሩ። የተጻፈ ነገር ካገኙ ሳያነቡ አያልፉም፤ የክብሪት ሳጥን እንኳ ጀርባውን ገልብጠው ነው የሚጭሩት። መነጽራቸውን አደረጉ።

«በቀዝቃዛና ደረቅ ሥፍራ ይቀመጥ፣ ይላል።»

«ለአርባ ምንጭ የተላከ አይደለም ማለት ነው» አለች እናቴ።

«የወተት ፕሮቲን… ጣፋጭ… አረንጓዴ ቅጠሎች፣ በቅንፍ ሞሪንጋ።»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ሽፈራው። እናንተ ሀለኮ የምትሉት።»

እናቴ ወደ አጥራችን ዞር አለች። ሀለኳችን ቆሟል፤ ትናንት ማታ ከሱ ቅጠል ቀጥፋ ከበቆሎ ዱቄት ጋር ኩርኩፋ ሠርታልናለች። «ባሕር ተሻግሮ ተወቅጦ መጣ በሉኛ» አለች።

ኢዮብ ነገሩ እጁ ላይ እየቀዘቀዘበት መሆኑ ስለገባው ክዳኑን በዚያ በሚወደው ክንዱ ታገለው። ብረት የለመደ ክንድ የፕላስቲክ ክዳን መጠን አያውቅም። ክዳኑ ተስፈንጥሮ ሄደ፣ ዱቄቱ ነጭ ደመና ሆኖ ተነሳ፣ ደመናውም ማንን እንደሚፈልግ ያውቅ ይመስል ቀጥታ ወደኔ መጣ። ለቧንቧዬ መድኃኒት ይሆናል የተባለው ነገር በእርግጥም ቧንቧዬ ውስጥ ገባ። ስድስት ጊዜ ሳልኩ።

እናቴ እስክሪብቶ አነሳች። ገቢ። ስድስት። ምክንያት፣ ወንድም።

ከአሥሩ ስድስቱ በመጀመሪያው ሳምንት ሊሄድ ነው። እንባዬ መጣ። ያዳኑኝ ጋሽ ወርቅነህ ናቸው። ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ በዚያ በስብሰባ ድምፃቸው፣ «እታለም፣ አንድ ደብዳቤ ስድስት ግልባጭ ቢኖረው ስድስት ደብዳቤ ይባላል?» አሏት።

እናቴ አሰበች። ሙያዋ ተነክቷል። «አይባልም» አለች በመጨረሻ፣ ስድስቱን ሰርዛ አንድ ብላ ጻፈች፤ ከጎኑ «ከአምስት ግልባጭ ጋር» የሚል አከለችበት።

ዱቄቱን አራት ቀን ጠጣሁት። ደረቴ ላይ ያመጣው ለውጥ የለም፤ ሆዴ ግን መናገር ጀመረ። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ፣ መምህሩ «ጥያቄ ያለው» ሲል፣ መለሰለት። አቆምኩ፤ የቀረውን ኢዮብ ጨርሶ የሸሚዙን ሁለት ቁልፍ በጠሰ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ወግ አይሆንም ነበር። ጋሽ ወርቅነህ ግን አንዴ ማንበብ ከጀመሩ አያቆሙም። አንድ ከሰዓት ስልካቸውን ከፍ አድርገው በአጥሩ በኩል ጠሩን።

«ይኸውላችሁ። አስም ያለባቸው ስፖርተኞች የዓሣ ዘይት ሲወስዱ የአየር ቧንቧቸው ብግነት ሊቀንስ ይችላል፣ ይላል። ብግነት ማለት ያው መቆጣቱ ነው።»

«የዓሣ ዘይት ስፖርት ቤታችን አለ» አለ ኢዮብ ፈጥኖ። «በፍሬ በፍሬ የሆነ። ውድ ነው እንጂ።»

 እናቴ ከበሩ ደፍ ላይ ሆና የአባያን ሐይቅ ታየዋለች፤ ከኛ ቤት ቁልቁል ሲታይ ያ ቡናማ ውሃ ሰማዩ ጋ ይደርሳል። ውስጡ ስንት ዓሣ እንዳለ ዓሣዎቹም አያውቁት።

«እዚህ ተቀምጠን» አለች ቀስ ብላ፣ «የዓሣ ዘይት በፍሬ ልንገዛ?»

ስሕተታችን ያኔ ተወለደ። ጽሑፉ ታች ላይ «ይሁን እንጂ» ብሎ የሚጀምር ሌላ አንቀጽ ነበረው። የጋሽ ወርቅነህ ስልክ ባትሪው አልቆ ጠፋ፤ «ይሁን እንጂ» ጋ ሳንደርስ ቀረን።

በማግስቱ ቅዳሜ ኢዮብ ሐይቁ ዳር ወርዶ፣ ዓሣ አጥማጆቹ ሲዘረግፉ የሚጥሉትን የአምባዛ ሞራና የሆድ ዕቃ፣ ግማሽ ማዳበሪያ ሙሉ፣ በባጃጁ ጭኖ መጣ። አምባዛ ያ ጢማሙ፣ ወፍራሙ ዓሣ ነው፤ ሞራው ከሁሉ ይበዛል። አጥማጆቹ ለምንህ ነው ቢሉት «ለእህቴ ሳንባ» አላቸው። አንዱ ባርኔጣውን አውልቆ «ነፍስ ይማር» አለው አሉ። ባጃጁ ከዚያ በኋላ ለአንድ ሳምንት ተሳፋሪ የሚይዘው እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ ብቻ ነበር።

እናቴ በዕድሜዋ ያነጠረችው ቅባት አንድ ነው፤ ቅቤ። ስለዚህ አምባዛውን እንደ ቅቤ አነጠረችው። ትልቁን ድስት ግቢ ውስጥ ጣደች፤ ሞራው መቅለጥ ሲጀምር እጇ በልማዱ ሄደ፤ ኮረሪማ፣ ኮሰረት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ትንሽ አብሽ። «ሽታውን ይይዝልናል» አለች። ኮሰረቱ መጀመሪያ የምር ታገለ። ምስኪን። ከሩብ ሰዓት በኋላ እሱም እንደ አምባዛ ይሸት ጀመር።

ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ የሰፈሩ ሴቶች የጸሎት ተራ እኛ ቤት መሆኑን በዓሣው ምክንያት ረስተነዋል። መጡ። ጨዋ ሰዎች ስለሆኑ ማንም ስለ ሽታው አልተናገረም፤ ነጠላቸውን ብቻ እስከ ዓይናቸው ድረስ ከፍ አደረጉ። ጸሎቱን የምትመራው ሴት ዓይኗን ጨፍና «ጌታ ሆይ፣ በዚህ ቤት ላይ ያረፈውን ይህን… ይህን…» ብላ ቃል ፈለገች፤ ከዚያም «አንተ ታውቀዋለህ» ብላ አለፈችው። በዚያው ቅጽበት ጣሪያችን ተንኳኳ። ሦስት አባ ኮዳዎች፣ እነዚያ ዓሣ በተዘረገፈበት የማይጠፉ ራሰ በራ ወፎች፣ ከሐይቁ ዳር ሽታውን ተከትለው መጥተው ቆርቆሮው ላይ ተሰልፈዋል። አሜን በተባለ ቁጥር አንዱ ክንፉን ይዘረጋል። እናቴ ኋላ ላይ እንዳለችው፣ ከጉባኤው ሁሉ እስከ መጨረሻው አፍንጫቸውን ሳይሸፍኑ የቆዩት እነሱ ናቸው።

እኔ ድስቱን ሳማስል ጭሱ ያዘኝና ሁለት ጊዜ ሳልኩ። እናቴም ሦስት ጊዜ ሳለች፤ ግን መዝገቡ የኔ ብቻ ነው።

አንድ ጠርሙስ ተኩል ወጣው። ጠዋት ጠዋት አንድ ማንኪያ፣ ከኋላው ጣዕሙን የሚያስረሳ፣ የሚያቃጥል ዳጣ። ምን ምን ይላል ብትሉኝ፣ ሐይቅ ውስጥ ቅቤ ወድቆ የሞተ ይመስላል። ጠጣሁት። ለሦስተኛ ቦታ ስል የጫማ ቀለም ጠጪ ቢሉኝም እጠጣ ነበር።

እና ሠራ። ቢያንስ እኔ የሠራ መሰለኝ። ያን ሳምንት ጠዋት ጠዋት ከትምህርት በፊት ሜዳውን እየዞርኩ ስለማመድ ደረቴ ክፍት ነው፤ ተከራዩ የለቀቀ ይመስላል። መዝገቡ ላይ ገና ሦስት ብቻ ነው። ደስታዬ ጭንቅላቴ ላይ ወጣ። እንዲህም ብዬ አሰብኩ፣ አደራ አትሳቁብኝ፤ ቡኒው ፓፍ የሚሠራው ቧንቧውን ከቁጣ ማብረድ ነው። የአምባዛው ዘይትም የሚሠራው ቧንቧውን ከቁጣ ማብረድ ነው። ለአንድ በር ሁለት ዘበኛ ምን ይሠራል? አንዱን አሰናበትኩት። በጸጥታ ይሠራ የነበረውን፣ ቡኒውን፣ መሳቢያ ውስጥ ከካልሲዎቼ ሥር ቀበርኩት። ለማንም አልተናገርኩም፤ ከውድድሩ በኋላ ለቤተሰቡ በድንገት ላበስር ነበር ሐሳቤ።

አራት አምስት ቀን ምንም አልሆነም። በስድስተኛው ቀን አንድ ትንሽ ሳል መጣች። ዋጥኳት። በሰባተኛው ሁለት መጡ። የሚዋጥ ሳል ደግሞ እንደ ትኩስ ድንች ነው፤ ወደ ታችም አይሄድ፣ ወደ ላይም አይተዉት። መላ ፈለግኩ። ሳሌ ሲመጣ «ጋሼን ሰላም ልበል» ብዬ እየሮጥኩ እወጣና ጋሽ ወርቅነህ በር ላይ ሄጄ እስላለሁ። እሳቸው ከውስጥ ሆነው «ግቢ ልጄ፣ ግቢ» ይሉኛል። ሰው በር ላይ ደርሶ እህ እህ ብሎ መምጣቱን ማሳወቁ የወግ ነው፤ ጨዋነቴ በጣም ደስ አሰኝቷቸው ለእናቴ ሳይቀር አመስግነውኛል። በቀን አራት ጊዜ ጨዋ የሆንኩበት ቀን ነበር።

እናቴ ማታ ማታ መዝገቡን ትከፍትና «የለም» ብላ ትጽፋለች። ከዚያ እስክሪብቶውን አስቀምጣ ጥቂት ዓይኗን ትጨፍናለች። እያመሰገነች መሆኗን አይቻለሁ። አየሁ እንጂ አልተናገርኩም፤ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ሳስታውሰው የማያስቀኝ ይኼ ብቻ ነው።

የምርጫው ቅዳሜ ደረሰ። ዘጠኝ ልጆች ነን። ሰማያዊውን ፓፍ ቲቸር ኪሱ ውስጥ ያዘልኝ። ሜዳውን አምስት ጊዜ መዞር ነው። የመጀመሪያውን ዙር አራተኛ ሆኜ ጨረስኩ፣ ሁለተኛውን ሦስተኛ ሆኜ። በሦስተኛው ዙር ፉጨት ሰማሁ። ቲቸር የነፋ መስሎኝ ቀና አልኩ። ፊሽካው አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል።

ተከራዩ ነበር፤ ለካስ የትም አልሄደም። መጀመሪያ ድምፁ መጣ፣ ከዚያ በሩ ጠበበ፣ ከዚያ አየሩ በመርፌ ቀዳዳ የሚገባ ሆነ። ቆምኩ። ጉልበቴን ይዤ ጎንበስ አልኩ። ልጆቹ አለፉኝ፣ አንዷ በአንዷ። ቲቸር ሮጦ መጥቶ ሰማያዊውን አፌ ላይ አደረገልኝ፣ «ቀስ፣ ቀስ፣ አትናገሪ» እያለ። ትንሽ ተከፈተ። ግን ትንሽ ነው። ሊያየኝ መጥቶ የነበረው ኢዮብ ባጃጁን ሜዳው ውስጥ ይዞ ገባና ጫነኝ።

ጤና ጣቢያ ያገኘችን ሲስተር ረጋ ያለች ሴት ናት። አፍና አፍንጫ ላይ የሚደረገውን ጭምብል አድርጋልኝ፣ መድኃኒቱን እየሳብኩ፣ ደረቴ ቀስ በቀስ ሲላቀቅ ቤተሰቡ አንድ በአንድ ደረሰ። እናቴ መዝገቡን ብብቷ ሥር ይዛ። ኢዮብ ወደ ቤት ተመልሶ ባዶውን ቆርቆሮ ይዞ፤ ምን ወሰደች ብለው ቢጠይቁ ብሎ ነው። ጋሽ ወርቅነህ ጠርሙሱንና ስልካቸውን ይዘው። ሁሉንም ጠረጴዛው ላይ ደረደሩት።

ሲስተር አየችው። «ሱቅ ልትከፍቱ ነው?»

 ጠርሙሱን ከፍታ አሸተተችና ራቅ አደረገችው። «ይሄ ኮረሪማ አለው?»

«ትንሽ» አለች እናቴ።

ሁሉንም ነገርናት፤ ዱቄቱን፣ ደመናውን፣ ሞራውን። ጋሽ ወርቅነህ ያነበቡትን ጨመሩላት። እስክንጨርስ ጠበቀችን።

«ያነበቡት ውሸት አይደለም» አለቻቸው። «የዓሣ ዘይት ቧንቧን ያበርዳል የሚሉ አሉ። አንዳንዱ ሰው ላይ ጥቂት ይረዳል፣ ሌላው ላይ ምንም። ገና ያልተቋጨ ነገር ነው። እሱም ቢሆን ተጣርቶ፣ ተመጥኖ የተዘጋጀው ነው እንጂ ወጥ የሚሠራበት አይደለም። ቆርቆሮው ደግሞ ለጡንቻ ነው፤ ልብ የሚያስመታ ነገር የተቀላቀለበትም ስላለ ሳትጠይቁ ለአስም ልጅ አትስጡ። ከሁሉ በላይ ግን፣ የትኛውም ቢሆን ከመድኃኒቷ ጋር እንጂ በመድኃኒቷ ፈንታ አይሆንም።» ወደኔ ዞረች። «ቡኒውን በቀን ስንቴ ነው የምትወስጂው?»

ጣሪያውን አየሁ። ምንም የተጻፈበት ነገር የለም።

«እኔ… አሰናብቼዋለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?» ያለችው እናቴ ናት።

«አሥራ ሁለት ቀን።»

እናቴ መዝገቡን ከፈተች። ጣቷን በአሥራ ሁለቱ ቀኖች ላይ አወረደችው። የለም፣ የለም፣ የለም። «እዚህ የለም ብዬ ጽፌአለሁ» አለች። ድምፅዋ ቁጣ የለበትም፤ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። «ስትስዪ የት ነበርሽ?»

ከኔ በፊት የተናገሩት ጋሽ ወርቅነህ ናቸው፤ መነጽራቸውን አውልቀው፣ እንደ ጥፋተኛ። «እኛ በር ላይ ነበረች ለካ። እኔ እኮ አስተዳደጓ መስሎኝ።»

ሲስተር ወደ ግድግዳው ዞራ ሳቋን አፈነች። ኢዮብ አልቻለም፣ ወጣ። እናቴ ግን አልሳቀችም።

«መዝገቡን ፈርተሽ ነው?»

«ከሞላ አትሮጪም ብለሽኛል።»

 አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና እግሬን በእጇ ያዘች፣ ያኔ በሰባት ዓመቴ አዝላ የያዘችውን እግር። «እኔ የጻፍኩት እንድትደብቂኝ አልነበረም» አለች። «አንቺ ስትስዪ የማደርገው ስለማጣ ነው። እስክሪብቶ ሲይዙ አንድ ነገር እየሠሩ ይመስላል።»

እንግዲህ አለቀስኩ። አስም ላለበት ሰው ማልቀስ አይመከርም፤ ሲስተር ተወችኝ።

ኋላ መዝገቡን ገለጥ ገለጥ አድርጋ አየችና ለእናቴ «በጣም ጥሩ ነው፣ የኛም ካርድ ክፍል እንዲህ ቢሆን» አለቻት። እናቴ ትንሽ ቀና አለች። «ግን ትጻፈው እሷ ራሷ። ሳሉንም፣ ቡኒውንም፣ የሮጠችበትንም። ገደብ የሚባለውን ሰርዙት።» እናቴ እዚያው ገደቡን ሰረዘችው፤ እንደ ሙያዋ፣ ከጎኑ ፈርማ።

ቲቸር ከውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ እየጠበቀ ነበር። ሦስቱ ተመርጠው ያለቀ መስሎኝ ዓይኑን ላለማየት ጫማዬን አየሁ።

«የዛሬው ሰዓት የማንም አላስደሰተኝም» አለ። «ከአራት ሳምንት በኋላ ሁላችሁንም እንደገና አስሮጣለሁ። ለዞኑ ውድድር ያኔም ጊዜ አለ። ሲስተር፣ መሮጥ ትችላለች?»

«ቡኒዋን ሳታቋርጥ ከወሰደች፣ ቀስ ብላ ካሟሟቀች፣ ሰማያዊውን ከሩጫው በፊት እኔ እንዳልኳት ካደረገች፣ ለምን አትችልም?» አለች።

አራቱ ሳምንት የሚነገር ነገር የለውም፤ የተሻለው ነገሩ እሱ ነው። ጠዋት ቡኒው፣ ማታ ቡኒው፣ አፌን መጉመጥመጥ፣ መዝገቡ ላይ መጻፍ። ከሌሎቹ ልጆች ሩብ ሰዓት ቀድሜ ሜዳ ላይ እየተገኘሁ እንደ ሽማግሌ እየተራመድኩ እጀምራለሁ። ከጠርሙስ ተኩሉ የተረፈውን ዘይት ኢዮብ የባጃጁን በር ማጠፊያ ቀባበት። እስካሁን አይንጫጫም።

በሁለተኛው ምርጫ እናቴ መጣች። ስሮጥ አይታኝ አታውቅም፤ ሮጬ ጨርሼ አላውቅማ። በመሥሪያ ቤት ጫማዋ፣ ቦርሳዋን አንግታ፣ ከመስመሩ ውጭ ቆመች። አራት ዙር ከፊቴ አራት ልጆች፣ በደረቴ ውስጥ አየር። በአምስተኛው ዙር አንዷን አለፍኩ። ከኔ በፊት ሦስት ቀሩ፣ እኔ አራተኛ። እናቴ ያለችበት ጋ ስደርስ ድምፅዋን ሰማሁ፤ «ነይ፣ ነይ፣ ነይ» እያለች ከጎኔ ትራመዳለች፤ ከዚያ እርምጃው ፈጠነ። ኦቾሎ የሚባል የተራራ መንደር ተወልዳ በዚያ ዳገት ያደገች ሴት ናት፤ ሁልጊዜ «የኔ እግር ሜዳ አይቆጥርም» ትላለች። ከመስመሩ ውጭ፣ ቦርሳዋ ጀርባዋን እየመታ፣ ከኔ ጋር ሮጠች። ከፊቴ ያለችው ልጅ የማን እናት ነች ብላ ይሆናል ዞር አለች። ስትዞር አለፍኳት።

ጨረስኩ። ጎንበስ ብዬ ጠበቅኩ። ፉጨት የለም። ልቤ ብቻ ነው የሚጮኸው፤ እሱ የሁሉም ሰው ነው።

እናቴ ግን ሳሩ ላይ ተዘርግታለች። ትናገራለች፣ አይወጣላትም፤ እጇን ታነሳለች፣ ይወድቅባታል። ሄጄ አጠገቧ ተንበረከክኩ፣ የቦርሳዋን ማንገቻ አላላሁላት። «ቀስ ብለሽ በአፍንጫሽ ሳቢ» አልኳት። «አትናገሪ። አየሩን ቀስ ብለሽ በአፍሽ አውጪ። ነይ ከኔ ጋር።» አብረን ተነፈስን። አየር ተርፎኝ ለሰው ስሰጥ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው።

ቲቸር ወረቀቱን ይዞ መጣ። «ሦስተኛ» አለ። «ስሟ ተጽፏል።»

እናቴ ዓይኗን ጨፈነች፣ ከፈተች። ሦስት ትንፋሽ ጠበቀችና፣ «እኔስ?» አለችው።

ቲቸር ሰዓቱን አየ፣ ሜዳውን አየ፣ ሳሩ ላይ ያለችውን እናቴን አየ። «እማማ፣ እርስዎ ገና አልደረሱም።»